«ዜድ»ን አሜሪካዊት ያደረጋት ማን ነው?

በዲሴምበር 2025 የካናዳ የቋንቋ ምሁራንና አርታዒዎች ተሰባስበው ለጠቅላይ ሚኒስትራቸው ለማርክ ካርኒ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ስለ ታሪፍ አይደለም። ስለ ቤት ኪራይም አይደለም። ስለ ስፔሊንግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካርኒ መንግሥት በኖቬምበር ባወጣው የበጀት ሰነድ ውስጥ እንደ «ግሎባላይዜሽን» ያሉ ቃላት በ«ዜድ» ፈንታ በ«ኤስ» ተጽፈው ተገኙ። «ካታላይዝ»ም እንዲሁ። ሲነበቡ ድምፃቸው ያው ነው። ወረቀት ላይ ግን የካናዳ አንባቢ ዐይን ወዲያው ይይዘዋል፤ እዚያ አገር እነዚህ ቃላት የሚጻፉት በ«ዜድ» ነዋ! የደብዳቤው ሐሳብ ሲጨመቅ ይኼው ነው፦ የራሳችን አጻጻፍ አለን፣ መንግሥትም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል፣ ታዲያ አሁን የእንግሊዙን ምን አመጣው?

አንዳንዱ ሰው ጣቱን ወደ ካርኒ ራሳቸው ቀሰረ። ሰውየው ከ2013 እስከ 2020 የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ነበሩ። ዶክትሬታቸውንም የሠሩት ኦክስፎርድ ነው። ለንደን ያን ያህል የከረመ ሰው «ኤስ» ቢለምድበት አይገርምም። የኦክስፎርዷን ነገር ግን ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመጣለሁ።

«በዚህ ሁሉ ጣጣ መሀል ስለ አንዲት ፊደል?» የሚል አይጠፋም። ግን ጊዜውን አስቡት። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ካናዳን «51ኛዋ ግዛት» እያሉ ሲጠሩ ነበር። ካናዳዊው የአሜሪካ ዕቃ ላለመግዛት ሱቅ ውስጥ ጠርሙስ እያገላበጠ የተሠራበትን አገር ያነብ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ዜድን አውጡ፣ ኤስን አስገቡ» ማለት የአገር ፍቅር ሊመስል ይችላል። ምሁራኑ ያሉት ግን ተቃራኒውን ነው፤ «ዜድ»ን መልሱልን ነው ያሉት። ምክንያቱም «ዜድ» ከአሜሪካ በውሰት የመጣች አይደለችም።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። በትምህርት ቤት የተነገረን ደንብ ቀላል ነበር። «ኦርጋናይዝ»ን፣ «ሪያላይዝ»ን በ«ኤስ» ከጻፍክ እንግሊዝ ነህ፤ በ«ዜድ» ከጻፍክ አሜሪካዊ ነህ። ለፈተና ይመቻል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ይህ «አይዝ» የሚለው የቃል መጨረሻ ሥሩ ግሪክ ነው። ግሪኮቹ ከስም ግሥ ሲሠሩ የሚጨምሩት ቅጥያ ነበራቸው፣ በራሳቸው ፊደል በ«ዜታ» የሚጻፍ። ላቲኖች ከነ«ዜድ»ዋ ወሰዱት። ከላቲን ፈረንሳዮች ወረሱትና በእነሱ እጅ «ኤስ» ሆነ። እንግሊዝኛ ደግሞ ከሁለቱም በኩል ስለተበደረ ከጥንት ጀምሮ ሁለቱም አጻጻፍ ነበረው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ባፕታይዝ» የሚለውን፣ ማለትም «አጠመቀ»ን፣ የሚጽፈው በ«ዜድ» ነው። ያኔ አሜሪካ የምትባል አገር አልነበረችም። ቨርጂንያ ውስጥ ጄምስታውን የተባለች መንደር ከተቆረቆረች ገና አራት ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ኦክስፎርድ። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዓለም ከኦክስፎርዱ ትልቅ መዝገብ በላይ ክብር ያለው የለም። የመጀመሪያው ጥራዝ ክፍል በ1884 ወጣ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1928 ነው። ዋናው አዘጋጅ ስኮትላንዳዊው ጄምስ መሬይ ነበሩ። መሬይ በዚህ ጉዳይ አቋማቸው የማያወላውል ነበር። ሥሩ ግሪክ ነው፣ የምንሰማውም ድምፅ የ«ዜድ» ነው፣ ስለዚህ የፈረንሳይን አጻጻፍ የምንከተልበት ምክንያት የለም አሉ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤትም በዚሁ ደንብ ጸና። ዛሬም ድረስ «ከለር»ን እንደ እንግሊዝ በ«ዩ» ይጽፋል፣ «ሴንተር»ንም እንደ እንግሊዝ «ኢ»ን መጨረሻ ላይ አድርጎ ይጽፋል፣ «ኦርጋናይዝ»ን ግን በ«ዜድ»። ይህ አጻጻፍ «የኦክስፎርድ ስፔሊንግ» ተብሎ ራሱን ችሎ ይታወቃል። ታዋቂው የሳይንስ መጽሔት «ኔቸር» ለንደን ተቀምጦ የሚከተለው ይህንኑ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ክርክር ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። እኛ «ሥራ» በንጉሡ «ሠ» ነው ወይስ በእሳቱ «ሰ» እያልን ስንት ዓመት ተጨቃጭቀናል? አንዱ ወገን የግእዙን ሥር ይዞ ይሟገታል። ሌላው «ድምፁ አንድ ከሆነ ምን አስጨነቀን» ይላል። የመሬይ ክርክር ከመጀመሪያው ወገን ጋር ይመሳሰላል፣ ከአንድ ልዩነት ጋር፦ በእንግሊዝኛው ሥሩም ድምፁም የሚመሰክሩት ለአንዲት ፊደል ነው። ሌላም ልዩነት አለ። «ፀሐይ»ን በየትኛውም «ጸ» ብትጽፍ «የየት አገር ሰው ነህ» ብሎ የሚጠይቅህ የለም።

ታዲያ እንግሊዞቹ ለምን ጣሏት? ሁሉም በአንድ ቀን አልጣሏትም። «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ራሱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ክፍል በ«ዜድ» ሲጽፍ ቆይቶ ነው ወደ «ኤስ» የዞረው። ሌሎች ጋዜጦችና ማተሚያ ቤቶች ቀድመውት ሄደዋል። እስከ 1990ዎቹ የነበረውን የብሪታንያ እንግሊዝኛ የያዘው ትልቅ የጽሑፍ ክምችት ሲታይ «ኤስ» እና «ዜድ» ሦስት ለሁለት ነበሩ። «ኤስ» በዝታለች እንጂ አልጠቀለለችውም ማለት ነው። ዛሬ ግን መንገድ ላይ አንድ ለንደናዊ አስቁማችሁ ብትጠይቁት «ዜድማ የአሜሪካ ናት» ይላችኋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገሮች ተረዳድተዋል። አንደኛው የአሜሪካ ጥላ ነው። አሜሪካኖች «ዜድ»ን ይዘው ሲጸኑ፣ ፊልማቸውና ሶፍትዌራቸው ዓለምን ሲሞላ፣ ፊደሏ የእነሱ መለያ መሰለች። እንግሊዙም የገዛ ንብረቱን እንደ ባዕድ ዕቃ ማየት ጀመረ። አርዕስቴ ላይ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሴ ይኼ ነው፦ «ዜድ»ን አሜሪካዊት ያደረጓት ጥለዋት የሄዱት እንግሊዞች ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ስንፍና ቢመስልም ጤነኛ ነው። በ«ኤስ» ብቻ መጻፍ ይቀላል። ምክንያቱም «አይዝ» ብሎ የሚያልቅ ሁሉ የግሪኩ ቅጥያ ያለበት አይደለም። «አድቨርታይዝ»፣ «ሰርፕራይዝ»፣ «ኤክሰርሳይዝ»፣ «ኮምፕሮማይዝ»፣ «ሱፐርቫይዝ»፣ «ቴሌቫይዝ»፣ የእነዚህ ሥረ ቃል ሌላ ነውና አሜሪካም ሆነ እንግሊዝ በ«ኤስ» ነው የሚጻፉት። በ«ዜድ» የሚጽፍ ሰው ይህን ዝርዝር በቃሉ መያዝ አለበት። በ«ኤስ» የሚጽፍ ሰው ግን ሁሉንም ባንድ አድርጎ እንቅልፉን ይተኛል። «ካፕሳይዝ»ን የመሰሉ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው በማንኛውም አገር «ዜድ»ን የማይለቁት። አዲስ አበባ ውስጥ በትልልቅ ማስታወቂያ ላይ «አድቨርታይዚንግ» በ«ዜድ» ተጽፎ አይቼ አውቃለሁ። ሠሪው አሜሪካዊ ለመምሰል ፈልጎ ይሆናል። አሜሪካኖች ግን እንዲያ አይጽፉም።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ተንኮለኛ ቃል አለ፤ «አናላይዝ»። ከላይ የጠቀስነው «ካታላይዝ»ም ወንድሙ ነው። እዚህ ላይ ያለው የግሪክ ሥር ሌላ ነው። «አናሊሲስ» ከሚለው ስም የመጣ ስለሆነ «ኤስ»ዋ የሥሩ አካል ናት። ስለዚህ ኦክስፎርድ «ኦርጋናይዝ»ን በ«ዜድ»፣ «አናላይዝ»ን በ«ኤስ» ይጽፋል። አሜሪካኖች ሁለቱንም በ«ዜድ»። በሥር ካየነው እዚህ ላይ የሳቱት አሜሪካኖቹ ናቸው። ካናዳም ከእነሱ ጋር ናት።

ስለዚህ ነው የካናዳው ክርክር ደስ የሚለኝ። ካርኒ ዶክትሬታቸውን የሠሩበት የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የበጀት ሰነዳቸውን ቢያርመው ኖሮ «ግሎባላይዜሽን» ላይ ለካናዳውያን ይፈርድ ነበር፤ «ካታላይዝ» ላይ ለካርኒ።

ስለ አሜሪካ ከተነሳ ኖህ ዌብስተር ሳይጠቀሱ አይታለፍም። በ1806 አነስተኛ መዝገበ ቃላት አወጡ፤ በ1828 ደግሞ ሰባ ሺህ ያህል ቃላት የያዘውን ትልቁን። ከ«ከለር» ላይ «ዩ»ን አንስተው፣ «ሴንተር»ን እንደሚሰማው ገልብጠው በአሜሪካ እንዲለመድ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አዲስ ነጻ የወጣ አገር የራሱ አጻጻፍ ሊኖረው ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። ሁሉም አልሰመረላቸውም። «ታንግ»ን፣ ማለትም ምላስን፣ በሚሰማው ድምፅ ለመጻፍ ያቀረቡት ሐሳብ ሰሚ አላገኘም። «ዜድ»ን ግን እሳቸው አልፈጠሯትም። ያገኟትን ነው ያቆዩት።

ካናዳ በሁለቱ መሀል የተቀመጠች አገር ናት፤ አጻጻፏም እንደዚያው ነው። በ1890 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ማክዶናልድ በመንግሥት ሰነዶች ውስጥ «ከለር»ን የመሰሉ ቃላት ከነ«ዩ»አቸው ይጻፉ የሚል የካቢኔ ትእዛዝ አስወጡ። ጋዜጦቹ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ አሜሪካ ያለ «ዩ» ሲጽፉ ነበር። «ካናዲያን ፕሬስ» የተባለው የዜና አገልግሎት ወደ ባለ «ዩ»ው የተመለሰው በ1998 ነው። ቶሮንቶ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ይህን ቅልቅል በመኪና ጎማ መሸጫ ታፔላ ላይ ሊያየው ይችላል። «ታየር ሴንተር» በእንግሊዝ ሲጻፍ ሁለቱም ቃላት በእንግሊዝ ልማድ ነው፤ ጎማው በ«ዋይ»፣ ማዕከሉ በመጨረሻዋ «ኢ»። በአሜሪካ ሁለቱም በአሜሪካ ልማድ። በካናዳ ጎማው አሜሪካዊ፣ ማዕከሉ እንግሊዛዊ ነው። ሁለት ቃል፣ ሁለት አገር። ለውጭ ሰው ዝብርቅርቅ ነው። ለካናዳዊው ግን መለያው ራሱ ይኼ ቅልቅል ነው። ከሁለቱ ወደ አንዱ ማዘንበል ለእሱ ከቤት መውጣት ነው።

አውስትራሊያም የራሷ ጉድ አላት። አገሩ በሙሉ «ሌበር» የሚለውን ቃል በ«ዩ» ይጽፋል። ትልቁ የሠራተኞች ፓርቲ ግን በስሙ ላይ «ዩ» የለውም። በ1912 ነው ያወጣት፤ ያኔ የአሜሪካ የሠራተኞች እንቅስቃሴ ተጽዕኖ ነበር። ነፋሱ አልፎ ስሙ ቀረ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ አዲስ አበባ ውስጥ የፕሮጀክት ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው ይጠይቅ። የተባበሩት መንግሥታት የኦክስፎርድን አጻጻፍ ይከተላል። ስለዚህ በካዛንቺስ አካባቢ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የሚጻፍ ሰነድ «ኦርጋናይዝ» በ«ዜድ»፣ «ፕሮግራም» ደግሞ በሁለት «ኤም» እና በመጨረሻዋ «ኢ» ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በስሙ ላይ የሚጽፈው እንዲሁ ነው። ዩኤስኤይድ በነበረበት ዘመን ወደዚያ የሚሄድ ሰነድ «ዜድ»ዋ ትቆይና ከ«ፕሮግራም» ላይ አንዷ «ኤም» እና «ኢ»ዋ ይወርዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ «ፕሮግራም»ን በረጅሙ ይዞ «ኦርጋናይዝ»ን በ«ኤስ» ይፈልጋል። ሦስት ለጋሽ፣ ሦስት ስፔሊንግ። አንዱን ፕሮፖዛል ለሦስቱም ኮፒ-ፔስት የሚያደርግ ሰው በየት በኩል እንደሚጋለጥ አሁን ገባችሁ?

ስለ «ፕሮግራም» አንድ ነገር ልጨምር። አጭሩ አጻጻፍ አሜሪካ የፈለሰፈችው ይመስላል። እንግሊዝኛ ቀድሞ የነበረው ግን እሱ ነው። ረጅሙን እንግሊዞች ከፈረንሳይ ያስገቡት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። ደግሞ ኮምፒውተር ሲመጣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ለኮምፒውተሩ አጭሩን ወሰዱ። እንግዲህ እንግሊዝ አገር የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ረጅም ነው፣ የኮምፒውተሩ አጭር።

የድርጅቶች ስም ላይ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያዝናናል። በ1919 የተቋቋመው፣ ኢትዮጵያም ከ1923 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት «ሌበር»ን በእንግሊዙ «ዩ»፣ «ኦርጋናይዜሽን»ን በ«ዜድ» ነው የሚጽፈው። «ዜድ አሜሪካ ናት» ለሚል ሰው ይህ ስም ትርጉም የለውም፤ ግማሹ እንግሊዝ ግማሹ አሜሪካ ይሆንበታል። የኦክስፎርድን ደንብ ላወቀ ግን ምንም አልተቀላቀለም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት፣ ኔቶ፣ ሁሉም በ«ዜድ» ናቸው። ፓሪስ የተቀመጠው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ«ኤስ» ነው። በሜይ 25 ቀን 1963 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የእንግሊዝኛው ቅጂ በ«ዜድ» ነው። ዛሬ ስለዚያ ድርጅት የሚጻፈውን ብታዩ ግን «ኤስ» ሞልቷል፤ በፈረንሳይኛው ስሙም «ኤስ» መሆኑ ሳያግዛት አልቀረም። የተቋም ስም የሰው ስም ማለት ነውና ባለቤቱ እንደጻፈው መጻፍ ይሻላል። የሥራ ድርጅቱን «ኤስ» አድርጎ «ማረም» እርማት አይደለም።

የእኛ አገር እንግሊዝኛ ራሱ ከሁለቱም እጅ የበላ ነው። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት መምህራኑ እንግሊዞች ነበሩ። የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ያቋቋሙት የአሜሪካዋ የኦክላሆማ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ተበተኑ። አንዱ ሰው ሰባተኛ ክፍልን በአሜሪካዊ፣ ዘጠነኛን በሕንዳዊ መምህር ሊማር ይችል ነበር። ፊደሏን «ዜድ» ብለን የምንጠራት እንደ እንግሊዞቹ ነው፤ «ዚ» የሚላት ከፊልም የተማረ ልጅ ነው። ስንጽፍ ግን እጃችን ላይ የመጣውን ነው። ስልኩ ደግሞ ከፋብሪካው በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተሞልቶ ይመጣና «ዩ»ዎቻችንን በቀይ ያሰምርባቸዋል።

አይኤልትስ ለሚፈተን ልጅ ጭንቀቱን ላቅልለት፦ ሁለቱም አጻጻፍ ተቀባይነት አለው። «ኦርጋናይዝ»ን በየትኛዋም ብትጽፈው ስህተት ተብሎ አይቆጠርብህም። ኮድ ለሚጽፍ ልጅ ግን ምርጫ የለውም። የድረ ገጽ ቀለም ስታዝ «ከለር»ን በ«ዩ» ከጻፍከው ብራውዘሩ ዝም ብሎ ያልፈሃል፤ ለሱ ያለው የአሜሪካው ብቻ ነው። እዚያው ዓለም ውስጥ «ሪፈረር» የሚባል የመረጃ ስም አለ፣ ጎብኚው ከየት ገጽ እንደመጣ የሚናገር። በ1990ዎቹ ደረጃው ሲወጣ አንዲት «አር» ተዘነጋችና ከነስህተቱ ጸደቀ። አሁን በትክክል የጻፈው ሰው ነው የሚሳሳተው።

ለሥራ የሚጽፍ ሰው ሰነዱን ከመጀመሩ በፊት የሚልክለት ድርጅት ራሱ ያወጣውን አንድ ሪፖርት ከፍቶ «ኦርጋናይዝ»፣ «ፕሮግራም» እና «አናላይዝ» እንዴት እንደተጻፉ ቢያይ ይበቃዋል። በሦስቱ ቃላት የትኛው ቤት እንደገባ ያውቃል። ዎርድ ላይ ቋንቋውን «የብሪታንያ እንግሊዝኛ» አድርጎ መቀመጥ ብቻውን አያድንም። ዎርድ በዚያ ምርጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ዜድ»ንም «ኤስ»ንም ዝም ብሎ ያሳልፋል። ገጽ ሦስት ላይ በአንዷ፣ ገጽ አምስት ላይ በሌላዋ ብትጽፍ አይነግርህም። መጨረሻ ላይ በፍለጋ ሳጥኑ ሁለቱንም አጻጻፍ አንድ በአንድ መፈለግና ወደ አንዱ ማምጣት ያስፈልጋል። «ሁሉንም ቀይር» የምትለዋን ግን አትንኳት። በአንድ ጠቅታ «አድቨርታይዝ»ንም «ሰርፕራይዝ»ንም ባለ«ዜድ» አድርጋ ትሰጣችኋለች።